የሚሮጠው የኔ ፕሮሰሰር ነው

ስማ ወንድም ጋሼ! አዎ፣ አንተን ነው። ባለፈው እሑድ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ጉሮሮህን ጠርገህ «አያችሁ አይደል፣ ጥሩ ዕቃ ማለት እንዲህ ነው» ብለህ ድምፅህን የላክኸውን አንተን። በል ወንበር ሳብና ተቀመጥ። ይሄ ደብዳቤ ቆመው የሚያነቡት አይደለም።

ጠብም ቢሆን ሰላምታ ይቀድመዋልና ልጠይቅህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ትላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ሚስትህ እትዬ እንዴት ናት፣ የሥራ ፈረቃዋን ቀየሩላት? ትንሿ ልጅህስ፣ የፊት ጥርሷ በቀለ ወይስ ገና በምላሷ እየደፈነች ነው የምታወራው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አባዬም ደህና ነው፣ ዓይኑ ደከም ቢልም ካሜራ ሲይዝ እጁ አሁንም ዝንፍ አይልም። እኔም ደህና ነኝ፣ አንጀቴ ከማረሩ በቀር።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትል አውቃለሁ። ስልኩ እኮ የኔና ያንተ አይደለም። አንተ ስትደውል ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ይከፈታል፣ እማዬ ከጎኔ ትቀመጣለች፣ እኔ ገና አፌን ከፈት ሳደርግ በክርኗ ጎኔን ትወጋኛለች። እንደሷ ክርን ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጎድን የለኝም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ልጇን ልትጠይቅ ወደናንተ ትመጣለች ሲባል ስሰማ ነው ወረቀት ፍለጋ የተነሳሁት። ጠበቃዋ ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፣ እንግዲህ ጠበቃዋ ለአንድ ጊዜ ለራሷ ትቁም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ምክንያቱም አንተ የምታውቀው ከመሀል ጀምሮ ነው፣ መሀሉም ውሸት ነው። የስቱዲዮአችንን የድሮ ኮምፒውተር ታስታውሰዋለህ። ጎኑን ከፍተን የጠረጴዛ ፋን አዙረንበት ነበር የሚሠራው፣ ፋኑ ከቆመ እሱም ይቆማል። ቪዲዮ ቆርጬ ቀጥዬ ስጨርስ አንድ ላይ አድርጎ ለማውጣት የሚፈጅበትን ጊዜ አትጠይቀኝ። አንዷ ሙሽራ የሰርጓን ቪዲዮ ልትወስድ የመጣችው ሆዷ ገፍቶ ነው። «የልጄን ክርስትና አብራችሁ ጨምሩበታ» አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ እንኳ የለም። አባዬ ይሄን ሲሰማ ነው «በቃ፣ አዲስ እንሥራ» ያለው።

ፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ መምረጥ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ጎበዝ፣ መምረጥ ስልህ እንዲሁ ዓይን የጣለበትን ማንሳት አይደለም። ምሳዬን በአንድ እጄ እየበላሁ፣ በሌላው ስልኬን ይዤ፣ የማያቸውን ቪዲዮዎች ግማሹን ቋንቋ ሳይገባኝ በምስሉ እየተከተልኩ ነው የተማርኩት። ኦቨርክሎክ፣ ፕሮሰሰሩን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ አንተ እንዳልከው የጎረምሳ ጨዋታ አይደለም። ፋብሪካው ለፕሮሰሰሩ «በዚህ ፍጥነት ሂድ» ብሎ የወሰነለት አለ። ብዙዎቹ ከዚያ በላይ የመሄድ አቅም አላቸው፣ ፈቃዱ ግን የሚሰጠው ለአንዳንዱ ነው። የተቆለፈውን ብትለምነውም ብትቆጣውም የታዘዘውን ይዞ ይሄዳል። ክፍቱን ግን ሙቀቱን እያየህ፣ የሚጠጣውን ኤሌክትሪክ እየተቆጣጠርክ፣ ትንሽ ትንሽ ትጨምርለታለህ። በርካሽ ገዝተህ በውድ ታሠራዋለህ ማለት ነው። ለኛ ዓይነቱ ቤት ከዚህ የተሻለ ብልሃት ካለ ንገረኝ።

ስለዚህ ክፍት የሆነውን ፈለግኩ። ከክፍቶቹም ደግሞ አዲሱ ትውልድ መጥቶ ከመደርደሪያው ገፋ ያደረገውን፣ ዋጋው የወረደውን። ኮሩ፣ ውስጡ ያለው ሠራተኛ፣ በርከት ያለውን፣ ምክንያቱም ቪዲዮ ሲወጣ ሥራውን ለብዙ እጅ ነው የሚያከፋፍለው፣ አንድ ጎበዝ ብቻውን ከሚለፋ ብዙ ደህና ሠራተኛ ይሻለዋል። ከፕሮሰሰሩ የሚተርፈውን ገንዘብ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ ላይ፣ ልጨምረው አሰብኩ። ክፍት ፕሮሰሰር ገዝተህ ኦቨርክሎክ የማይፈቅድ ቦርድ ላይ ካስቀመጥከው ምን ዋጋ አለው? ክንፍ ያለውን ወፍ ሽቦ ቤት ውስጥ እንደመቆለፍ ነው። ቦርዱ ኤሌክትሪክ በሚቀበልበት በኩል የብረት ማቀዝቀዣ ያለው መሆን አለበት፣ አለዚያ ፕሮሰሰሩ ሳይደክም ቦርዱ ይነድዳል። ይሄን ሁሉ ግሩፑ ላይ በጽሑፍ አስቀመጥኩት፣ የፕሮሰሰሩንም የቦርዱንም ስም።

አንተስ ምን አልክ? በድምፅ ሳቅክ። «እህት ዓለም፣ ርካሽ ፕሮሰሰር አስሮጣለሁ ማለት እኮ አህያ ላይ የፈረስ ኮርቻ መጫን ነው። ተዪው፣ እኔ ደህናውን እልካለሁ።» አክስታችን የሳቅ ምልክቱን ደረደረችው። አባዬም «እንግዲያስ ቦርዱንና ሌላውን ግዢ፣ ፕሮሰሰሩን ወንድምሽ ይልካል» አለ። እኔም እጄን በአፌ ጭኜ «እሺ፣ ግን ቦርዱ ይሄ ነው፣ ለዚህ የሚሆነውን እይ» ብዬ የቦርዱን ስም ደግሜ ጻፍኩልህ። የመለስክልኝን ታስታውሳለህ? አውራ ጣት። ቃል የለ፣ ጥያቄ የለ፣ የተቀሰረ አውራ ጣት ብቻ። ወንድም ጋሼ፣ ያቺ አውራ ጣት ናት የዚህ ሁሉ ጣጣ እናት።

ቦርዱን የገዛሁት ከገበያው ጥግ ካለው ዕቃ ሻጭ ነው። ስሙን የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም «አይመለስም» ነው የሚለው፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማስታወቂያ በር ላይ ብቻ ሳይሆን ሒሳብ መቀበያው ላይም፣ የወንበሩ ጀርባ ላይም ስለለጠፈው። ገና ስገባ «ጠበቃዋ፣ ዛሬ ክርክር የለም፣ እራሴን አሞኛል» አለኝ። ቦርዱን አስከፍቼ የብረት ማቀዝቀዣውን በጣቴ ነክቼ፣ ሥሩን በስልኬ መብራት አይቼ፣ ስጨርስ «ልታገቢው ነው እንዴ?» አለኝ። «ላገባው ብሆንማ እንዲህ አላጣራም» አልኩት። ሳቀና ፓወር ሰፕላይ፣ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሣጥን፣ ሲያወጣልኝ ቀላሉን ነበር የሰጠኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፣ «ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስቺ» ያልከኝ ትዝ አለኝና ከባዱን አስመጣሁት። በዚህኛው ልክ ነበርክ። እኔ የሰውን ልክነት አልክድም፣ የኔንም እንዲካድብኝ አልፈልግም።

ከዚያ ያንተ ዕቃ ዘገየ። የምርቃት ወቅት ደረሰ። ወላጆች አግዳሚ ወንበራችን ላይ ተደርድረው ቁጭ ይሉና እኔን ያዩኛል። አባዬ ለትልቅ ሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ በመጨረሻ ከደሞዜ ያጠራቀምኩትን ይዤ «አይመለስም» ጋ ተመለስኩና ያንን «አህያ» የተባለውን ገዛሁት፣ ከጥሩ ማቀዝቀዣ ጋር።

የኋላውን ክፍል ጠረጴዛ አጽድቼ፣ የፎቶ መጋረጃውን ወደ ጎን ሰብስቤ ገጣጠምኩት። ፕሮሰሰሩ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ምንም አይገፋም፣ በራሱ ክብደት ነው የሚገባው። ቁልፉን ስጫን ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። እማዬ ከኋላዬ ቆማ «በቃ፣ ሞተ?» አለች። «ሳይወለድ ይሞታል እንዴ!» አልኳትና ገመዶቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመርኩ። ለካ ርካሹ ፕሮሰሰር በራሱ ምስል አያወጣም፣ የስክሪኑን ገመድ የሰካሁት ደግሞ ቦርዱ ላይ ነው። ከድሮው ኮምፒውተር ፈትቼ ያስገባሁት የምስል ካርድ ላይ ሳዞረው ስክሪኑ ቦግ አለ። እማዬ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩት፣ ውጪ ደንበኛ ተቀምጧል።

ኦቨርክሎኩን የጀመርኩት ሥራ ቀለል ባለ ቀን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው ኦቨርክሎክ ሳያደርግ አልቀረም። ትንሽ ጨምሬ፣ ከባድ ሥራ እሰጠውና ሙቀቱን አያለሁ፣ ደግሞ ትንሽ እጨምራለሁ። እጄን ከጀርባው አድርጌ የሚወጣውን ነፋስ እለካለሁ፣ እማዬ ሕፃን ሲያተኩሰው ግንባሩን እንደምትለካው። ሲሄድልኝ ጥጋብ መጣ። አንዴ ዘለል አድርጌ ጨመርኩበትና የአንዲት ነርስ ምርቃት እየወጣ መሀል ላይ ቀጥ አለ፣ ከዚያ በራሱ ጠፍቶ ተነሳ። ቁጣውን አሳየኝ። ወደ ኋላ ትንሽ መለስ አደረግኩለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አኩርፎ አያውቅም። አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳ እኩል አይሮጡም። አንዱ ብዙ ይጨመርለታል፣ ሌላው በትንሹ ይደነብራል። ከአንድ ሆድ እንደወጣን እንደኔና እንዳንተ በለው። ማን የትኛው እንደሆነ አልተናገርኩም።

ሥራው ተራገፈ። አግዳሚ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ደስ ብሎኝ የአባዬን መመለስ ስጠብቅ ነው ያንተ ዕቃ ከመንገደኛ እጅ የደረሰው። ካርቶኑ ያምራል፣ ያንጸባርቃል፣ ውስጡ ፋኑም አለ። ከፈትኩት። ቦርዳችን ላይ ያለው መቀመጫ ሌላ፣ ያንተ ፕሮሰሰር እግር ሌላ። የሌላ ሰው ጫማ ነው፣ ጣትህን ብትቆርጥም አይገባህም። ቢገባስ? የተቆለፈ ነው። ከኔው በብዙ ይወደዳል፣ ግን ከታዘዘው አንዲት ጋት አያልፍም። መጥፎ አላልኩም፣ ለሌላ ቦርድ፣ ለሌላ ሥራ ደህና ዕቃ ነው። ለዚህኛው ግን አይሆንም።

«ለወንድም ጋሼ ልጻፍለት» ስል እማዬ ካርቶኑን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ዝም በይ። ያ ልጅ ባዕድ አገር ከአፉ ነጥቆ ነው የላከው። አይሆንም ብለሽ ልትጽፊለት ነው?»

«እማዬ፣ አይገባም እኮ!»

«አይግባ! እሱ ግን ገብቷል ብሎ ይደር። ምን ይጎድልብሻል?»

ምን እንደሚጎድልብኝ ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር።

አባዬ በማግስቱ ከነአቧራው ገባ። የካሜራ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ቪዲዮው ሲወጣ ቆሞ አየ። ዓይኑን አሸት አድርጎ ደግሞ አየ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። እኔ አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ፣ «ልጅህ የላከው ነዋ!» ብሎኑን የፈታሁበት መፍቻ ገና እጄ ላይ ነው። አባዬ ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ልጄ፣ ልጄ» አለ። እስኪ አንተ ፍረድ፣ እንባው ላይ ቆሜ «የለም፣ ያንተ ልጅ የላከው ሳይሆን የኔ ነው» ልበል? ዋጥኩት። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል የውሸቱ ሥር ረዘመ።

ቀጣዩን ስማ። አባዬ ካርቶኑን መግቢያው ላይ ያለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የድሮ ካሜራዎቹ መሀል አስቀመጠው። ባዶ መስሎት። እማዬ «ባዶ ነው» ብላዋለቻ! ፕሮሰሰሩ ከነፋኑ ውስጡ ተኝቷል። ጠዋት ጠዋት ከካሜራዎቹ በፊት እሱን ነው የሚወለውለው። ለደንበኛ ሁሉ «ልጄ የላከው ነው፣ ዕቃው ውስጥ እየሠራ ነው፣ ካርቶኑን ለመታሰቢያ አስቀረሁት» ይላል። ፊት ለፊታችን ያለው ፋርማሲስት አንድ ቀን አንስቶት «ጋሼ፣ ባዶ ካርቶን እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» አለው። አባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የጥሩ ዕቃ ካርቶኑም ጥሩ ነው።» እማዬ ወሬ ለማስቀየስ ራስ ምታቷ ድንገት ተነሳባት፣ ፋርማሲስቱም ክኒን ሊያመጣ ሮጠ። እኔ መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማላውቀውን ነገር ለቀቅኩት።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሰው ደስ ካለው ይበለው ብዬ የሆዴን በሆዴ ይዤ ነበር። እሑድ ዕለት ግን አባዬ ሥራው ምን ያህል እንደፈጠነ ግሩፑ ላይ ሲያመሰግንህ፣ አንተ «በእህቴ አህያ ብንሄድ ኖሮ እስካሁን መንገድ ላይ ነበርን» አልክ። ወንድም ጋሼ፣ ቤቱን ተሸክማ የምትሮጠው እኮ ያቺው አህያ ናት! ያንተ ፈረስ መስታወት ውስጥ ቆሞ አቧራ ይጠረግለታል።

እሱም ይለፍ። ከመልእክትህ በኋላ አባዬ ያለውን ነው ያላለፍኩት። አዲሱ ሕንፃ ላይ ሁለተኛ ክፍል ሊከራይ ነው፣ እዚያ ሌላ ኮምፒውተር ይሠራል። ክፍሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ የለመንኩት ነው። ግን ምሳ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሊያስከፋኝ ሳይፈልግ፣ «ዕቃውን ወንድምሽ ይምረጥ። አንቺ ቪዲዮ ላይ ጎበዝ ነሽ፣ መምረጡን ለሚያውቅ ሰው ተዪ» አለኝ። ለሚያውቅ ሰው! በገዛ ደሞዜ የገዛሁት፣ በገዛ እጄ የገጠምኩት፣ በገዛ እጄ ያፈጠንኩት ማሽን እዚያው ከጎኑ እየሠራ። አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ መካኒክ ነው እንዴ? አንተ ቢሮ ኮምፒውተር ፊት ስለምትቀመጥ አዋቂ ሆንክ፣ እኔ ሆዱን ከፍቼ ስለማየው ደግሞ አጫዋች። ምን እንደሚጎድልብኝ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ተቆጥቼ አይደለም የምጽፍልህ፣ ቁጣው ትናንት አለቀ። አስቤበት ነው። እኔ ለአባዬ ብናገር እማዬ ውሸታም ትሆናለች፣ በስተርጅና በባሏ ፊት ታፍራለች። ደግሞም «ቀንታ ነው» እባላለሁ፣ ቀናተኛ ታናሽ እህት ለማንም ትገባዋለች፣ የምታውቅ ታናሽ እህት ናት የምትከብደው። አንተ ብትናገር ግን ማንም አያፍርም። «የቦርዱ ስም ተጽፎልኝ ሳላየው ሌላ ዓይነት ላክሁ፣ እህቴ ሳታሳፍረኝ የራሷን ገዝታ ሠራችበት» ብትል እማዬ ያንተን ልብ የጠበቀች እናት ትሆናለች፣ አባዬም ይስቃል። ያንተንም ዕቃ አልጥለውም። ለሱ የሚሆን ቀላል ቦርድ «አይመለስም» ጋ አይቻለሁ፣ ፎቶ ማተሚያው ላይ እናደርገዋለን። እዚያ ፍጥነት መጨመር አያስፈልግም፣ ተረጋግቶ የታዘዘውን የሚሠራ ነው የሚፈለገው። ልፋትህ በከንቱ አይቀርም። የሰው ወርቅ ግን አያደምቅም፣ የኔን አውልቅልኝ።

ሚስትህን እትዬን ሳምልኝ፣ በዚህ ነገር እንዳትገላግልህ ንገራት። ትንሿን ጉንጯን ነክሰህ አክስትሽ ናፍቃሻለች በልልኝ፣ የጥርሷን ፎቶ ትላክልኝ። እማዬ ይሄን ደብዳቤ ባታውቅም ሰላምታዋን አውቀዋለሁና ልጻፈው፦ ብርድ እንዳይመታህ፣ እራትህን እንዳትዘል፣ ዓይኔ ላይ ነህ ትልሃለች። አባዬ «የካሜራ ማሰሪያው ደርሶኛል፣ ተባረክ» ብሏል። አክስታችን ሳቋን ልካልሃለች፣ እሷ ሌላ ምን አላት። ፋርማሲስቱም ለወገብህ መድኃኒት ሳይሆን መራመድ ነው የሚሻልህ ይልሃል።

መልስህን ግን በደብዳቤ እንዳትልክልኝ፣ አልከፍተውም። ለብቻዬም እንዳትደውልልኝ፣ አላነሳም። ለብቻ የሚባል «ይቅርታ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» አልፈልግም፣ እሱን እማዬም በክርኗ መሀል ትለኛለች። አባዬ ለአዲሱ ክፍል ዕቃ ሊገዛ ወር ሲገባ ወደ ገበያ ይሄዳል። ከዚያ በፊት፣ የሳቅክብኝ ግሩፕ ላይ፣ አክስታችን እየሰማች፣ አባዬ ከምሳ በኋላ መነጽሩን አድርጎ በተቀመጠበት፣ በጽሑፍ ሳይሆን በራስህ ድምፅ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስጠኝ፦ ስቱዲዮው ውስጥ እየሮጠ ያለውን ፕሮሰሰር የመረጠው ማን ነው? የሚቀጥለውንስ መምረጥ ያለበት ማን ነው? አውራ ጣት አልቀበልም። ተናገር።

ጠበቃዋ እህትህ

ከስቱዲዮው የኋላ ክፍል፣
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚያዝያ ፳፩